ጥርሱን ለሰበረው ሰውዬ

ስሙን አላውቀውም፤ መልኩንም አላየሁትም። ግን ላለፉት አምስት ወራት ከአጠገቤ ያልተለየ ሰው ቢኖር እሱ ነው፦ ይህን ቶርኖ፣ ብረት እያዞረ የሚቆርጠውን ማሽን፣ ከእኔ በፊት ይዞት የነበረው ሰውዬ። ዛሬ ብሶቴን ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ።

አሮጌ ቶርኖ ገዛሁ። ሻጩ «ታድሷል፤ የተጎዳው አንድ ጊር ብቻ ነው» አለኝ። መታደስ ያለው ለካ ቀለም መቀባቱን ነው። ማሽኑ ሳይታጠብ፣ ግራሶውና የብረት ብናኙ ሳይጠረግ፣ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ቀለም ተለቅልቋል። የዘይት ማስገቢያ ቀዳዳዎቹ በቀለም ተደፍነዋል። ሰው የዘይት ቀዳዳ ቀለም ቀብቶ ይደፍናል? ሞተ ብሎ ከሆነ ለምን ይሸጠዋል? አልሞተም ብሎ ከሆነ ለምን ያንቀዋል?

ቀለሙን ፍቄ ሳበቃ አንዱን ብሎን ልፈታ ስል ግማሽ መንገድ መጥቶ ነከሰ። ቀዳዳው የ1/4 ኢንች ነው፤ ሰውዬው ግን ያስገባበት የ6 ሚሊሜትር ብሎን ነው። 1/4 ኢንች ማለት 6.35 ሚሊሜትር ስለሆነ «ይቀራረባል» ብሎ ነው እንግዲህ። የአንዱ ጥምዝ በየ1.27 ሚሊሜትር ይሄዳል፣ የሌላው በየ1 ሚሊሜትር። እንዲህ ያለው ብሎን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች እንደ ወዳጅ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ በቁልፍ ሲጫኑት እያረሰ ይሄዳል። እንዲህ የታረሱ ቀዳዳዎች አሥራ አንድ ቆጠርኩ።

ይህ ሁሉ ግን መግቢያው ነው። ደሜን ያፈላው ጊሩ ነው።

ለማያውቁት ልንገራችሁ። በእንዲህ ያለ ቶርኖ ላይ የኋላ ጊር የሚባል ነገር አለ። ማሽኑ በዝግታና በጉልበት እንዲዞር ሲፈለግ፣ ፑሌጃውን (ቺንጋው የሚያዞረውን ጎማ) ከዋናው ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ፒን ይነቀልና ማንሻው ይሳባል። ያኔ ኃይሉ በጊሮቹ በኩል ዞሮ ወደ ዘንጉ ይመጣል። ፒኑ ሳይነቀል ማንሻው ከተሳበ ግን ዘንጉ በአንድ ጊዜ በሁለት ፍጥነት እንዲዞር ይታዘዛል። የሁለት ጌታ አገልጋይ መሆን ስለማይችል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ችኩል ሰው ይህችን ያውቃታል። ቸኩ (የሚቆረጠውን ብረት ጨምድዶ የሚይዘው ክፍል) ዘንጉ ላይ ነክሶ አልፈታ ሲለው ዘንጉን በዚህ መንገድ ይቆልፍና ቸኩን በመዶሻ ይነርተዋል። የመዶሻው ጉልበት ሁሉ የሚያርፈው በዚያች ቅጽበት በተገናኙት አንድ ሁለት ጥርሶች ላይ ነው።

እንዴት አወቅህ አትበሉኝ። ቸኩ ላይ የመዶሻ ጠባሳ አለ፣ ጊሩ ላይ ጎን ለጎን የረገፉ ሦስት ጥርሶች አሉ። አምስት ደቂቃ ታግሦ በቸኩ መንጋጋዎች መካከል ጠንካራ እንጨት ነክሶ ቢያስይዝና እንጨቱን መታ መታ ቢያደርገው ኖሮ እኔ ዛሬ ሰው በሆንኩ ነበር። ይባስ ብሎ በረገፉት ጥርሶች ቦታ ነሐስ አንጠባጥቦ እንደ ማስቲካ ለጥፎበታል። ሞረድ እንኳ አላስነካውም!

ጊሩን የሚሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ። «አዲስ ማሽን ግዛ» የሚሉኝን ወዳጆቼን እግዜር ይስጣቸው። እኔ ግን ግትር ነኝና ራሴ አቅልጬ ልሠራው ወሰንኩ።

ብረቱን ማቅለጡ ቀላሉ ሥራ ነው። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ በአግባቡ የተሠራች ትንሽ ምድጃ ትበቃዋለች። የመጠጥ ቆርቆሮ ሰብስቤ ጀመርኩና ግማሹ አመድና ዝቃጭ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወደ አሮጌ የሞተር ፒስተን ዞርኩ። የፒስተን አሉሚኒየም ሲሊኮን ስላለበት ሲፈስ እንደ ውኃ ይሮጣል። አሉሚኒየም አሮጌው ጊር ከተሠራበት ከጊዛ (ፈስሶ ከሚሠራ ብረት) ይደክማል እንዳትሉኝ፤ አውቃለሁ። ጊዛ ለማፍሰስ 1,200 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ የእኔ ምድጃ እዚያ ሳትደርስ እሷው ትቀልጣለች።

የመጀመሪያው ፍሳሽ ስፖንጅ ሆኖ ወጣ። የቀለጠው የሚፈስበትን የቅርጽ አሸዋ ከልክ በላይ አርጥቤዋለሁ፣ ብረቱንም ከልክ በላይ አግዬዋለሁ። የቀለጠ አሉሚኒየም ከእርጥበት ሃይድሮጅን ይጠጣል፤ ሲረጋ ደግሞ የጠጣውን ይተፋና ሆዱን ሁሉ በቀዳዳ ይሞላዋል። (በነገራችን ላይ በባዶ ሲሚንቶ ወለል ላይ የሚያፈስሱ ሰዎችን ሳይ ሰውነቴ ይንዘፈዘፋል። ሲሚንቶ ውስጥ የተደበቀች ውኃ ድንገት እንፋሎት ስትሆን ከ1,600 እጥፍ በላይ ትሰፋለች፤ የቀለጠውን ብረት ይዛ ነው ወደ ፊት የምትመጣው። ከታች ደረቅ አሸዋ ደልድሉ።)

ሁለተኛው ጊዜ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። የረገፉትን ጥርሶች በሰም ሞልቼ ራሱን አሮጌውን ጊር አሸዋ ውስጥ ቀበርኩት። ሳወጣው የአሸዋውን ጥርሶች ይዟቸው ወጣ። ቀጥ ያለ ጥርስ ከአሸዋ በሰላም አይወጣም፤ ትንሽ ሾጠጥ ማለት ይፈልጋል። በስንት ልመና አንድ ደህና ፎርማ ወጣልኝና አፈሰስኩ። ሲበርድ አምሮበታል! እንደ ሙሽራ አገላበጥኩት። ካሊብሮ (የስፋት መለኪያ) አስነካሁት፦ 62.7 ሚሊሜትር። አሮጌው ስንት ነበር? 63.5።

አሉሚኒየም ረግቶ ሲበርድ ከመቶ 1.3 ገደማ ይኮማተራል። ይህን አንብቤዋለሁ፣ አውቀዋለሁ፣ እንዲያውም ለሰው አስረድቻለሁ። ቢሆንም ረሳሁት። ጊሩ በኢንች ዓለም የተወለደ ነው፤ 48 ጥርስ፣ ሞጁሉም (የጥርሱ መጠን ልክ) 1.27። ከምድጃዬ የወጣው ግን ሞጁል 1.25 የሆነ ሜትሪክ ጊር ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ምድጃ ውስጥ ዜግነቱን ቀይሮ ወጣ። ከጓደኛው ጊር ጋር ሳገናኘው ሁለት ሦስት ጥርስ ይስማሙና ከዚያ ድንጋይ እንደሚያኝክ ሰው ይንገጫገጫሉ።

በሦስተኛው ጥርሱን ትቼ ወፍራም ክብ ሳህን ብቻ አፈሰስኩ፤ መሐሉ ላይ ጉድጓድ ሠራ። ወፍራሙ ክፍል መጨረሻ ላይ ስለሚረጋ ከጎረቤቶቹ የሚመጠው ብረት አጥቶ ነው። አራተኛው ላይ ከመሐሉ በላይ ቀልጦ የሚቆይ መጋቢ አበጀሁለትና ተሳካ።

ከዚያ ጥርስ ማውጣት። ፍሬዛ (በሚዞር ምላጭ ብረት የሚፈለፍል ማሽን) የለኝም። ሳህኑን ራሱ ቶርኖው ላይ አስሬ፣ ቆራጭ ብረቱን በጥርስ ክፍተት ቅርጽ ሞርጄ፣ ዘንጉን አቁሜ፣ ብረቱን በእጅ ወደፊትና ወደኋላ እየገፋሁ ፋቅሁት። በአንድ ምት 0.1 ሚሊሜትር። የጥርሱ ጥልቀት 2.74 ነው። ስለዚህ ለአንድ ክፍተት 28 ምት፤ ለ48ቱ ከ1,300 በላይ። ከእያንዳንዱ ክፍተት በኋላ ዘንጉን 7.5 ዲግሪ አዞራለሁ። 31ኛው ላይ ስልኬ ጮኸ። ተመልሼ ስመጣ ማዞሬን አላስታወስኩም። አዞርኩ። ቀድሞም አዙሬ ነበር። ስጨርስ 47 ጥርስ ሆነ፤ በአንደኛው በኩል እንደ ግንባር የሰፋ ጉብታ ቀረ።

እንደገና ማቅለጥ። እንደገና 1,300 ምት። በዚህኛው ጊዜ ስልኩን አጠፋሁት።

ባለፈው ቅዳሜ አዲሱን ጊር ገጠምኩ። ማንሻውን ሳብኩ፤ ዘንጉ ዝግ ብሎ፣ እየተንጎራጎረ ዞረ። ቁጭ ብዬ ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም ሳልቆርጥ ሲዞር ብቻ አየሁት። ቀጥሎ ቸኩን በሌላ ልለውጥ አልኩ። አልፈታም አለ። ነከሰ። በእጄ ታገልኩ፤ ጨርቅ ጠቅልዬ ታገልኩ፤ ላቤ ካሊብሮው ላይ ጠብ ጠብ አለ።

ያኔ ግራ እጄ ቸኩ ላይ እንዳለ ቀኝ እጄን አየሁት። ፒኑ በቦታው ነው። እጄ ግን ሳላዘው የኋላውን ጊር ማንሻ ጨብጧል፤ መዶሻውም ጠረጴዛው ላይ፣ ክንዴ በሚደርስበት ቦታ ነው።

መብራቱን አጥፍቼ፣ በሩን ቆልፌ ወጣሁ። ቸኩ እስከ ዛሬ እንደነከሰ ነው።