ኧረ የቆዳ ቅባቱን ቲዩብ ገልብጣችሁ አንብቡ ወገን!

ዛሬስ ካልተነፈስኩ አልችልም። ልጄ አንገቱ ላይ ጭርት ወጣበት፣ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል፣ ዳር ዳሯ ከፍ ብሎ የቀላ መሃሏ ጠራ ያለ፣ ማንም አይቶ የሚለያት ጭርት። እኛ ያለነው ኮዬ ፈጬ ነው፣ ለቆዳ ሐኪም አለርት ድረስ ልጅ ይዞ ስንት ታክሲ እንደሚቀያየር የሄደ ያውቀዋል፣ እና ሰፈር ካለ ፋርማሲ ገባሁ። ልጁን ቀና ብላ እንኳን ሳታየው አንድ ቲዩብ ሰጠችኝ፣ "ጠዋት ማታ ቀቢው" በቃ።

በ3ኛው ቀን ማሳከኩ ቆመ፣ ቅላቱም ጠፋ፣ መረቅኳት። ስተወው ተመለሰ፣ ስቀባው ጠፋ፣ ስተወው ደግሞ ተመለሰ፣ ወር ሳይሞላ ጉንጩና ደረቱ ላይ ወጣ፣ ክብ መሆኑም ቀርቶ ምን እንደሆነ የማይለይ ሆነ። ጤና ጣቢያ ነርሷ "የምትቀቢውን አሳዪኝ" ብላ ቲዩቡን ገልብጣ ጥቃቅኗን ጽሑፍ አሳየችኝ፣ ክሎትሪማዞል፣ ጭርት የሚያመጣውን ፈንገስ የሚገድለው፣ ቀጥሎ ቤታሜታዞን። ሁለተኛው ስቴሮይድ ነው! ቅላቱንና ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ ፈንገስ አይገልም፣ ጭራሽ የቆዳውን መከላከያ አዳክሞ ለፈንገሱ ይመቸዋል፣ ፊት ላይ ሲከርም ደግሞ ቆዳ ያሳሳል። የልጄን ጉንጭ እኮ ነው ስቀባ የከረምኩት!

ብቻውን ያለው ክሎትሪማዞል 1 ፐርሰንት እዛው መደርደሪያ ላይ አለ እኮ፣ ለምን እሱን አትሰጪኝም? ቅልቅሉ ቶሎ ለውጥ ስለሚያሳይ ነዋ።

እስከ መቼ እንደሚቀባ የሚነግርሽስ ማን አለ? ማሳከኩ ሲቆም ዳነ ብለን እንተወዋለን። ለካ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላም 1 ወይ 2 ሳምንት ይቀጠላል፣ ከጠርዙም 2 ሴንቲሜትር ያህል ወጣ ተደርጎ ጤነኛ የሚመስለው ቆዳ ጭምር ይቀባል። ይቺን ለመናገር አንድ ደቂቃ ይፈጃል?

ጎረቤቴ ደሞ ለልጇ ቆረቆር 3 ቲዩብ ጨረሰች። የጭንቅላቱ ፈንገስ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ቅባት ብቻውን አያድነውም፣ እንደ ግሪሲዮፉልቪን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ይፈልጋል፣ ይሄንን ሳይነግሯት ሶስቴ ሸጡላት፣ ሶስቴ! ፎጣና አንሶላ ለየብቻ አድርጉ፣ ቶሎ ቶሎ እጠቡ ይሉናል፣ ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር በምን ልጠበው?

ዛሬ ብቻውን ያለውን ክሎትሪማዞል ከጀመርን 9ኛ ቀናችን ነው፣ ጉንጩ ገና ነው፣ ማታ ማታ እያከከ ይነሳል። ያንን ቲዩብ አልጣልኩትም፣ ነገ ይዤው ሄጄ እዛው ባንኮኒው ላይ ጥቃቅኗን ጽሑፍ አስነብባታለሁ።