ለመታመም ጤና ይስጥልን

ለንደን ከገባሁ ጀምሮ ለኪዳን ተነስቼ አላውቅም። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ለጂፒ (እዚህ ለሰፈሩ ሐኪም የሚሉት ነው) ቀጠሮ ሲሆን ግን ገና ሳይነጋጋ ስልኬን መቶ በመቶ ቻርጅ አድርጌ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ሰዓቱን እያየሁ ቁጭ ነው። እንደኔ ያለውን እንቅልፋም ሰው ያደረገ ሥርዓት ካልተመሰገነ ምን ሊመሰገን ነው?

ሕጉ ቀላል ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ትደውላለህ። ቀደም ካልክ ዝግ ነው። 2 ሰዓት ከ10 ላይ ከደወልክ የዕለቱ ቀጠሮ አልቋል። መሃል ላይ ያለችው ያቺ ቀዳዳ የአንተ ናት፤ የአንተ ብቻ ሳትሆን የሰፈሩ ሁሉ ናት እንጂ፣ ስለዚህ መስመሩ ይያዛል፣ ትዘጋለህ፣ ትደውላለህ፣ ይያዛል፣ ደግሞ ትደውላለህ፣ እንደምንም ሲገባልህ ማሽኗ 27ኛ ነህ ብላ ሙዚቃ ትከፍትልሃለች። ሙዚቃውን ወድጄዋለሁ። ሳህን ሳጥብ ሁሉ አንጎራጉረዋለሁ።

የነገሩ ጥበብ የገባኝ ቆይቶ ነው። ትኩሳት የያዘው ሰው 40 ጊዜ መደወል አይችልም። ይሸነፋል። የሚያልፈው ጣቱ የፈጠነ፣ ጉሮሮው የጠራ፣ ትዕግሥቱ የማያልቅ፣ ባጭሩ ምንም ያልሆነ ሰው ነው። ሐኪሙም ጤነኛ ሲያይ ይውላል። ከዚህ በላይ ጤና ጥበቃ ወዴት አለ?

ወረፋው ሲደርስህ ደግሞ ሪሴፕሽኗ ምንህን እንደሚያምህ ትጠይቅሃለች። አስቸኳዩን ለመለየት ነው፣ አልፈርድባትም። ችግሩ 2 ሰዓት ማለት አውቶቡስ ውስጥ ያለሁበት ሰዓት መሆኑ ነው። ኪንታሮቴን፣ እሱንም በእንግሊዝኛ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳስረዳ ከኋላዬ የማኅበራችን ሴት ተቀምጣ ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሦስት ሰው «እንዴት ነው፣ ተሻለህ?» አለኝ። ይኸው ማኅበራዊ ኑሮም ጠነከረ።

አክስቴ ከአዲስ አበባ በመጡ ሰሞን «በኤይት ይደውሉ» ተባሉ። ኤይት ስምንት ነው። ምሳቸውን በልተው፣ ቡናቸውን እስከ በረካ ጠጥተው፣ ስምንት ሰዓት ላይ ደወሉ። በነጋታውም በስምንት። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ። የሚያገኙት መልስ ግን በጠዋት ተነስተን ከምንጋጋጠው ከእኛ መልስ በምንም አይለይም፦ «ነገ በኤይት ይደውሉ»። አድልዎ የሌለበት አገር!

(አስተርጓሚ በነጻ አለ፣ እውነት ነው። እሱን ለማግኘት ግን መጀመሪያ እንግሊዝኛ መቻል ነው።)

ይህን የመሰለ ባህል ሊያጠፉብን የተነሱም አሉ። ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በእንግሊዝ ያሉ ጂፒዎች የኦንላይን ጥያቄ መቀበያቸውን ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ክፍት እንዲያደርጉ ተደነገገ። ደነገጥኩ። በጠዋት የሚያስነሳኝ ነገር ሊቀር ነው ብዬ። ሞከርኩት፤ ስንት ጥያቄ መልሼ፣ ቅጹን ሞልቼ ላክሁ። መልሱ በማግስቱ መጣ፦ «እባክዎ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይደውሉልን»። ተመስገን አልኩ። የእኛ ሰፈር ወግ አጥባቂ ነው።

አክስቴ በመጨረሻ ቀናቸው። ሰዓቱን አስረድተናቸው፣ በሁለት ስልክ፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ ጆሯቸው ይዘው ደውለው ቀጠሮ አገኙ። ከሦስት ሳምንት በኋላ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እኔም ለጎረቤት ሳይቀር አወራሁ።

አሁን ያለው ችግር ደወሉበት የነበረው ሳል መልቀቁ ነው። በዝንጅብል ሻይ ለቀቃቸው። «እንሰርዘው እትዬ?» ብላቸው «አብደሃል እንዴ! በስንት መከራ የተገኘ!» አሉኝ። የጂፒው ግድግዳ ላይ ደግሞ በአንድ ቀጠሮ አንድ በሽታ ብቻ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ጊዜው 10 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ። አክስቴ ጉልበት አላቸው፣ ወገብ አላቸው፣ ደም ግፊት አላቸው። ትናንት ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የትኛው ይሂድ የሚለውን ሲከራከር አመሸ። ለጊዜው ጉልበት እየመራ ነው።