ዕጣ፣ ጽዋና ጀሪካን

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ስንገባ የብሎካችን ሰው ከአልጋውና ከቁም ሳጥኑ ጋር የሰፈሩን ታቦት በልቡ ጭኖ ነው የመጣው። የአራት ኪሎው ሥላሴን፣ የፒያሳው ጊዮርጊስን፣ የካዛንቺሱ ዑራኤልን። ወር በገባ ቁጥር ሁሉም በየታቦቱ ቀን ነጠላውን አጣፍቶ፣ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀያይሮ ወደ ድሮ ማኅበሩ ይሄዳል። ማታ ደረጃ ላይ ዳቦ በፌስታል ይዘን እንገናኛለን። «እንኳን አደረሰዎ!» «እንኳን አብሮ አደረሰን!» ከዚያ ዳቦው ወደየበሩ ይገባል።

ነገሩን ያነሱት ግራውንድ ላይ የሚኖሩት እማማ ናቸው። «ልጆቼ፣ ለአንድ ጽዋ ይህን ሁሉ የታክሲ ከምንገፈግፍ እዚሁ አብረን ማኅበር ብንጠጣ ምናለ?» አሉ። ተቃዋሚ አልነበረም። የንስሐ አባታችን መጥተው «ወንድሞች በኅብረት ቢቀመጡ እነሆ መልካም ነው፣ እነሆም ያማረ ነው» ብለው ዳዊትን ጠቅሰው ከፈቱልን። እልል ተባለ። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ተደረግሁና «በአንድ ልብ ተስማምተናል» ብዬ ጻፍኩ። እስክሪብቶዬን ሳልከድን አንዱ «በስንት ይሁን?» አለ።

አንድ ልባችን እዚያው ላይ አራት ሆነ።

አራት ኪሎዎች 7 አሉ፤ ከሥላሴ በላይ ማን አለ? ካዛንቺሶች 22፣ ፒያሳዎች 23። በመካከላቸው ያለው አንድ ሌሊት ነው፤ የዑራኤሉ ዳቦ ሳይደርቅ ጊዮርጊስ ይደርሳል። ግን ያችን አንዲት ሌሊት የሚሻገር ጠፋ። ከልደታና ከመርካቶ ራጉኤል የመጡት ሁለቱም 1 ቀን ስለሚያከብሩ እፎይ ብዬ ነበር። እነሱ ደግሞ በቀኑ ተስማምተው በስሙ ተጣሉ። 1 ቀንን የደገፉት ብዙዎቹ ደሞዝተኞች መሆናቸውን በቃለ ጉባኤው አላሰፈርኩም፤ በ1 ኪስ ገና ትኩስ ነው፣ በ22 ግን የደጋሹ ኪስ ከጽዋው በፊት ይደርቃል።

አንድ አስታራቂ ተነሥቶ «ሁላችንንም የሚያስማማን መድኃኔዓለም ነው፣ 27 ይሁን» ሲል አሜን ልንል አፋችንን ከፈትን። ሰውየው የመጣው ከቦሌ መድኃኔዓለም አጥቢያ መሆኑ ትዝ ሲለን መልሰን ዘጋነው።

«ማትያስም ከሐዋርያት የተቆጠረው በዕጣ ነው፤ ዕጣ እንጣል» የሚልም ነበር። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «እኔ የ97 ተመዝጋቢ ነኝ። ስንት ዓመት ጠብቄ፣ በዚህ ጉልበቴ አራተኛ ፎቅ የሰቀለኝ ዕጣ ነው። ከዕጣ ጋር አንድ ጉዳይ አለን፣ እሱን ሳንጨርስ ሌላ አልጨምርም!» ሊፍት በሌለው ፎቅ የጠላ ጀሪካን ማን እንደሚያወጣላቸውም አያይዘው ጠየቁ። ጥያቄው ለቀጣዩ ስብሰባ ተላለፈ።

በሦስተኛው ወር አባታችን ነህምያን አመጡብን። የኢየሩሳሌም ቅጥር በ52 ቀን ነው ያለቀው አሉ። ወርቅ አንጥረኛው፣ ሽቱ ቀማሚው፣ ሰሎም የሚባለው ከነሴት ልጆቹ ሳይቀር ተሰልፈው፣ ብዙዎቹም በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን እየሠሩ። የቴቁሐ ታላላቅ ሰዎች ብቻ ለሥራው አንገታቸውን አላጎነበሱም። ይህን ሲሉ እኔ ወደ ሦስተኛ ፎቁ ጎረቤቴ ዞርኩ፤ ለካ እሱም እኔን እያየ ነው። እኛ ቀን ስንመርጥ ብቻ 52ን ካለፍን ሰንብተናል።

ስብከቱ ግን ፍሬ አላጣም። በማግስቱ አንዲት እኅታችን በማለዳ ተነሥታ ከበሯ ፊት ያለውን ጠርጋ፣ ቆሻሻውን በደረጃው ወደ ታች ፎቅ ለቀቀችው። ሲጮሁባት «በየቤታችሁ ፊት ለፊት ነው የተባለው» አለች። ትርጓሜው የራሷ ነው።

የመጨረሻው ስብሰባ ኮሚናሉ ውስጥ ነበር። ክርክሩ ጦፎ፣ አባታችን መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መልሰው እየከተቱ ሳለ፣ አንድ ሕፃን በሩን በርግዶ «ውኃ መጣች!» አለ። በፈረቃዋ ሳትመጣ አሥር ቀን ሆኗት ነበር። ሥላሴም ዑራኤልም ጊዮርጊስም በአንድ በር ወጣ። እኔም ቃለ ጉባኤውን አባታችን ጉልበት ላይ ጥዬ ሮጥኩ።

ግፊቱ ላይኛው ፎቅ አይደርስም። ቢጫ ጀሪካን ከታች እየተሞላ ሲደረደር፣ ጋሼ ደረጃው መጀመሪያ ላይ ሁለት ይዘው ጉልበታቸውን ሲያሹ እማማ አዩዋቸው። «ኧረ ተቀበሏቸው!» አሉ። ማንም ማንንም አልመደበም፤ በየደረጃው ቆምንና እጅ ለእጅ ተቀባበልን። የፒያሳው ከካዛንቺሱ ተቀብሎ ለልደታዋ ይሰጣል፣ ልደታዋ ለሦስተኛ ፎቁ፣ እሱ ለእኔ። ቤቱ እርጥብ እርጥብ ሸተተ፤ ሰው ይሳሳቃል። የጋሼ ስድስት ጀሪካን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በራቸው ላይ ቆመ። የእማማን በርሜል ሞላን፣ አራስ ቤት ገባን፣ ዓይነ ስውሩን ተማሪም አልዘለልንም። አባታችን ከታች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ክዳን ያጠብቃሉ።

የመጨረሻው ጀሪካን ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ የፒያሳው ሰው ላቡን ጠረገና ከታቹ ያለውን ካዛንቺስ በፈገግታ አየው።

«ወንድሜ፣ እንዲህ ከተስማማን እንግዲህ 23 ይሁን በቃ» አለው።

ካዛንቺሱ የያዘውን ጀሪካን ደረጃው ላይ አስቀመጠ።