ቦዳንና ፍሊንደርስ ይታኮሱ?

ርዕሰ ክርክር፦ በ1802 በአውስትራሊያ ደቡብ ዳርቻ የተገናኙትን ሁለት የአሰሳ አዛዦች፣ ፈረንሳዊውን ኒኮላ ቦዳንንና እንግሊዛዊውን ማቲው ፍሊንደርስን፣ የጀብዱ ልብ ወለድ ጸሐፊ ደመኛ አድርጎ ሊስላቸው ይችላል። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው።)

ደጋፊ፦ ይችላል፤ መብቱም ነው። አገሮቻቸው የተዋጉ ሁለት መርከቦች ካርታ በሌለው ባሕር ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ አንደኛው መድፉን አሰናድቶ ይጠብቃል። ታሪክ ይህን ሁሉ ደግሶ ተኩሱን ብቻ ነፈገን። አንዲት ጥይት ብትጨመር ማን ይሞታል? መድፍ ያልጮኸበት የባሕር ልብ ወለድ በርበሬ የሌለው ወጥ ነው። አንባቢ ስለ ክሮኖሜትር፣ ኬንትሮስ ስለሚወጣበት የባሕር ሰዓት፣ ሊማር መጽሐፍ አይገዛም።

ተቃዋሚ፦ በርበሬ የሌለውማ አልጫ ይባላል፤ ወዶ የሚበላው ሞልቷል። ክሮኖሜትር ደግሞ ከመድፍ ይበልጥ ያስፈራል። ሰዓቱ 1 ደቂቃ ቢዛነፍ፣ በተገናኙበት ኬክሮስ መርከቧ ከትክክለኛ ቦታዋ 12 የባሕር ማይል ያህል ርቃ ካርታ ላይ ትሰፍራለች። ስለዚህ የብስ ላይ ድንኳን ተክለው፣ ፀሐይ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ በእኩል ከፍታ ላይ ስትሆን ሰዓቱን ይመዘግባሉ፤ የሁለቱ አማካይ እኩለ ቀንን ይሰጣል። ይህን ለቀናት ደጋግመው ሰዓቱ በየቀኑ ስንት ሴኮንድ እንደሚቀድም ወይም እንደሚዘገይ ያወጣሉ። መሙላት ተረስቶ ከቆመ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ፤ ጨረቃ ከኮከብ ያላትን ርቀት እየለኩ ረጅም ስሌት ውስጥ መግባት ነው። አለት በሞላበት ዳርቻ፣ በሌሊት፣ 12 ማይል! ለዚህ ምዕራፍ መድፍ ምን ይጨምርለታል?

ደጋፊ፦ ስለ ወጥ ዓይነት ልማር አልመጣሁም፤ ስለ ሰዓት ሥራም እንዲሁ። ጠላትነት አልነበረም ካሉን፣ ፍሊንደርስ በፈረንሳዮች ደሴት፣ በዛሬዋ ሞሪሸስ፣ ስድስት ዓመት ተኩል የተቀመጠው ለሽርሽር ነው?

ተቃዋሚ፦ ያሰረው ገዥው ደካን ነው እንጂ ቦዳን አይደለም። የይለፍ ወረቀቱ የተጻፈው ለመርከቡ ለኢንቬስቲጌተር ነበር። እሷ እንጨቷ በስብሶ ስለቀረች፣ ፍሊንደርስ በዲሴምበር 1803 የደረሰው በ29 ቶኗ ከምበርላንድ ነው፤ ያውም ጦርነቱ በሜይ ዳግም ከተነሳ በኋላ። ቦዳን በዚያው ደሴት ላይ በሴፕቴምበር ሞቷል። ሙት ነው ያሰረው?

ስለዚያች ቀንም ልጨምር። ኤፕሪል 8 ሲገናኙ የአገሮቻቸው የአሚየን የሰላም ውል ከተፈረመ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር፤ ሁለቱም አልሰሙም። ፍሊንደርስ ነጭ ባንዲራ አሳይቶ፣ ምናልባት ተንኮል ቢኖር ብሎ የመርከቡን ጎን ከነመድፎቹ ወደ ቦዳን መርከብ፣ ወደ ዤኦግራፍ፣ እንዳዞረ ቆየ። ከዚያ ከዕፅዋት ሊቁ ከብራውን ጋር በጀልባ ሄደ። የይለፍ ወረቀቱን ሲያቀርብ ቦዳን ሳያነበው መለሰለት። የእንግዳውን ስም እንኳ የጠየቀው በማግስቱ ሲሰነባበቱ ነው! ይህን የመሰለ ነገር እጁ ላይ እያለ ባሩድ ፍለጋ የሚሄድ ደራሲ ስንፍና እንጂ ድፍረት የለውም።

ደጋፊ፦ ስድቡን ለራስዎ ያቆዩት። ደመኛ ካላስፈለገ መጽሐፉን ማን ያንቀሳቅሰዋል? ወረቀት?

ተቃዋሚ፦ ደመኛው እዚያው በቦዳን መርከብ ላይ ነበር፤ የእንስሳት ተመራማሪው ፔሮን። አለቃው ከሞተ በኋላ የጉዞውን ታሪክ የአለቃውን ስም ሸሽጎ ጻፈው። ፍሊንደርስ ታስሮ ሳለ እሱ ያሰሰው ዳርቻ በናፖሌዎን ስም ተጠራ፤ የቦዳን ጉዞ መኮንን የፍሬሲኔ ካርታም በ1811 ወጣ። የፍሊንደርስ መጽሐፍ የታተመው በ1814 ነው፤ በማግስቱ ሞተ።

ደጋፊ፦ አዩ! የእኔ መድፍ ኃጢአት፣ የእርስዎ ፔሮን ጽድቅ። እንግዲያው ክርክሩ ደመኛ ይኑር አይኑር ሳይሆን፣ ማን ይሁን ነበር። ይህን ቀድሞ መናገር ነበር።

ተቃዋሚ፦ የፔሮን ጽሑፍ ታትሟል፤ የእርስዎ ጥይት የታለች? በ1802 ጁን ዤኦግራፍ ፖርት ጃክሰን፣ የዛሬው የሲድኒ ወደብ፣ ስትደርስ ሠራተኛው ትኩስ ምግብ በማጣት በሚመጣው በስከርቪ በሽታ ወድቆ ነበር፤ ከ170 ሰው ለሥራ የበቃው ከ12 እንደማይበልጥ ፍሊንደርስ ራሱ ጽፏል። ወደ ወደቡ ለመጎተት የረዳቻት የኢንቬስቲጌተር ጀልባ ነበረች። መድፉን የሚያጎርስ ሰው ከየት ሊያመጡ ነው?