ጥርስ ባዳ ነው፣ የዶልፊንም ቢሆን

ከዱባይ ለእረፍት የመጣች የአክስቴ ልጅ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ። እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆማለች። ዶልፊኑ አፉን ጉንጯ ላይ ለጥፏል። «እየው ሲስቅ!» አለችኝ። የእኔ ዓይን ግን ከኋላ የቆመው አሠልጣኝ ላይ ነበር። አንድ እጁን የዓሣ ባልዲ ውስጥ ከቷል። ዶልፊኑ የሳማት ለምሳው ነው።

ሳቅ የሚባለውም ሳቅ አይደለም። የመንጋጋው አሠራር ነው እንዲያ የሚያስመስለው። ቢታመምም፣ ቢሞትም ፊቱ ያው ነው። «ጥርስ ባዳ ነው» የሚለው አባባል እንደ ዶልፊን የሚስማማው ፍጡር ያለ አይመስለኝም።

ለመሆኑ ዶልፊኖቹ ዱባይ ገንዳ ውስጥ እንዴት ገቡ? ፓልም ጁሜይራ በሚባለው የዱባይ ደሴት ያለው አትላንቲስ ሆቴል ሊከፈት ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ 28 ዶልፊኖች በፓሲፊክ ውቅያኖስ ካሉት የሰሎሞን ደሴቶች በአውሮፕላን ተጭነው ዱባይ ገቡ። ከባሕር የተያዙ ናቸው። ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው።

ፓልም ጁሜይራ ራሱ ሰው ሠራሽ ደሴት ነው። 94 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ አሸዋ ከባሕር ወለል ተዝቆ የተሠራ። አሸዋ ሲዛቅና ሲደፋ ውሃው ይደፈርሳል፤ ኮራሉና የባሕር ሣሩ ይቀበራል። እንግዲህ አስቡት። ባሕሩን ዝቀው ደሴት ሠሩ፣ ደሴቱ ላይ ገንዳ ሠሩ፣ ገንዳው ውስጥ የሌላ አገር ዶልፊን ጨመሩ።

የሚገርመው ደግሞ ዶልፊን እዚያው ጎረቤት መኖሩ ነው። በአቡ ዳቢ ዳርቻ ጀርባው ጉብ ያለ ዝርያ አለ። 700 ገደማ ይሆናሉ፤ በዓለም ላይ ከሚታወቀው የዚህ ዝርያ ስብስብ ሁሉ ትልቁ ነው። ዝርያው የመጥፋት አደጋ ላይ ነው። የሚኖረው ከዳርቻ ሳይርቅ ስለሆነ የዓሣ መረቡም፣ ጀልባውም፣ የወደብ ግንባታውም ከእሱ አያልፍም። 3 ሺህ ገደማ ዱጎንግም አለ፤ የባሕር ላም የሚሉት። የሚግጠው የባሕር ሣር ከተቀበረ እሱም አለቀለት። ለዶልፊን የሚያስብ ሰው ካለ ሥራው እዚህ ነው፦ መረቡን መቆጣጠር፣ ሣሩን ማዳን፣ ዳርቻውን አለመድፈን።

«ብዙዎቹ እኮ ገንዳ ውስጥ የተወለዱ ናቸው፤ ባሕር ቢለቀቁ ይሞታሉ» ይባላል። እውነት አለው። ዝም ብሎ መልቀቅ መግደል ሊሆን ይችላል። ግን ይህ ያሉትን ለመጦር ምክንያት ይሆናል እንጂ ሌላ ለማስወለድ አይሆንም። ማራባቱ ይቁም፣ ከባሕር መያዙ ይቁም፣ የቀሩት ባሕር ዳር ታጥሮ በተዘጋጀ ሰፊ ቦታ ይኑሩ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2013 አዲስ የዶልፊን ማሳያ እንዳይከፈት ከልክላለች። ካናዳ በ2019፣ ሜክሲኮ በ2025 ማራባትን የሚከለክል ሕግ አውጥተዋል። ሜክሲኮ እንኳ፣ በባሕር ዳርቻ ከተማዋ በካንኩን ያ ሁሉ ቱሪስት እያላት!

ዱባይ ያለው ወገናችን እናቱን ሲያስመጣ ማዝናናት ይፈልጋል፤ ይገባኛል። ለዚያውም በላቡ ያገኘው ብር ነው። ግን ትኬቱ ነው ገንዳውን የሚያቆየው። ለአክስቴ ልጅ ኻሳብ ስለሚባል ቦታ ነገርኳት። ከዱባይ በመኪና የሚደረስ የኦማን ከተማ ነው። ከዚያ በእንጨት ጀልባ ሲወጡ ዶልፊኖች ከጎን እየዘለሉ የሚዋኙበት ጊዜ አለ። ባልዲ የለም።

«መምጣታቸው እርግጥ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም። ካልፈለጉ አይመጡም።»

ትንሽ አሰበችና ፎቶዋን መልሳ ማየት ጀመረች።