የድሮ ባቡር ቀለም በግምት አይቀባ

ድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ስለቆሙት የድሮ ናፍጣ ሎኮሞቲቮች ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ሐሳብ አይቀርም። «ቀለም ቀብተን ብናቆማቸው እኮ ጎብኚ ይመጣል» ይባላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ ነው። የትኛው ቀለም? በማን ምርጫ? እዚህ ጅማ ጋራዥ ያለው ወዳጄ ይህን ሳነሳበት «ዋናው ሞተሩ ነው፤ ቀለም ጌጥ ነው» አለኝ። በባትላሜራ ሥራ የታወቀ ሰው ነው፤ እጁንም ቃሉንም አከብራለሁ። በዚህ ግን አልስማማም።

ጅማ ሐዲድ የላትም፣ ነገሩ ምን አገባችሁ የሚል ይኖራል። ያገባናል። የጅማ ቡና በትሬንታ ኳትሮ፣ ኋላም በኤንትሬ የጭነት መኪና ተጭኖ የግቤን በረሃ አቋርጦ አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ከዚያ ከለገሃር በፉርጎ ወደ ጅቡቲ ይወርድ ነበር። ያ ባቡር የጎተተው የእኛን ላብ ጭምር ነው። በ2002 ዓ.ም. ገደማ በወጣው የባቡር መስመር ዕቅድ ውስጥም ጅማ ነበረች። ስለዚህ የአገሪቱ የባቡር ቅርስ የድሬዳዋና የአዲስ አበባ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ቀለሙ ልመለስ። የእንፋሎት ባቡር ሲመጣ ከሩቅ ያስታውቃል። ጭሱ ይታያል፣ ድምፁም ቀድሞ ይደርሳል። ናፍጣ ሲመጣ ጭሱ ቀረ፣ ድምፁም ቀነሰ። እንግሊዝ አገር ውስጥ ብዙዎቹ ናፍጣ ሎኮሞቲቮች መጀመሪያ ጥቁር አረንጓዴ ነበሩ። ሐዲድ ላይ ለሚሠራ ሰው ከዛፉና ከሳሩ ተለይተው ቶሎ አይታዩም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግንባራቸው ላይ አነስ ያለ ቢጫ መደብ መቀባት ተጀመረ። ቆይቶ ግንባሩ በሙሉ ቢጫ ሆነ። አሜሪካኖቹም የመኪና መንገድ ሐዲድ በሚያቋርጥበት ቦታ ሾፌሮች ባቡሩን ከሩቅ እንዲያዩት አፍንጫው ላይ ሰያፍ መስመር ይቀቡ ነበር። ሰው እንዳይሞት ተብሎ የተቀባን ቢጫ ጌጥ ማለት ይከብደኛል። አንድ የዚያን ዘመን ሎኮሞቲቭ አድሰን ግንባሩን በሌላ ቀለም ብንሸፍነው፣ ሠራተኞች ሐዲድ ላይ እንዴት ይጠበቁ እንደነበር የሚናገረውን ነገር አጠፋን ማለት ነው።

ቀለም ማንነትንም ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1937 ሌላንድ ኒከርቦከር የተባለ የጄኔራል ሞተርስ ሠዓሊ ለሳንታ ፌ የባቡር ኩባንያ ቀይና ብርማ አቀባብ ነደፈ። መነሻው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የላባ ራስጌጥ ነበር። መንገደኛው ጽሑፍ ማንበብ ሳያስፈልገው የማን ባቡር እንደሆነ ከሩቅ ያውቀዋል። ሕንድ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ወደ ሠራተኛው ይወርዳል። ናፍጣ ሎኮሞቲቮቹ የሚያድሩበትና የሚጠገኑበት እያንዳንዱ ሼድ ስሙን አካላቸው ላይ ይጽፋል። ብዙዎቹ ሼዶች የራሳቸው ቀለምና አርማም አላቸው። ይህን በጣም እወደዋለሁ። ሎኮሞቲቩ አገር ለአገር ሲዞር የጠገኑት ሰዎች ስም አብሮት ይዞራል።

አርማው ላይ ስንመጣ ነገሩ ይጠነክራል። የእንግሊዝን ባቡር መንግሥት በ1948 እ.ኤ.አ. ከወረሰው በኋላ፣ በ1956 አዲስ አርማ ወጣለት። ከዘውድ ላይ ብቅ ያለ፣ በእጁ የባቡር ጎማ የያዘ አንበሳ ነው። ሠራተኞቹ አንበሳው በሁለቱም ጎን ወደ ባቡሩ ፊት እንዲያይ ብለው በአንዱ ጎን ወደ ግራ፣ በሌላው ጎን ወደ ቀኝ አዞሩት። የአገሪቱ የአርማ መዝገብ ኃላፊዎች ተቃወሙ። የተመዘገበው ወደ ግራ የሚያየው አንበሳ ነው፣ ወደ ቀኝ የዞረው ስህተት ነው አሉ። ከዚያ በኋላ አንበሳው በሁለቱም ጎን ወደ ግራ እንዲያይ ተደረገ። ዛሬ እዚያ አገር የድሮ ሎኮሞቲቭ የሚያድስ ሰው የትኛውን ዓመት እንደሚያሳይ ከወሰነ በኋላ ነው አንበሳው ወዴት እንደሚዞር የሚወስነው። ለአንድ አንበሳ ፊት ይህን ያህል ይጠነቀቃሉ።

እኛስ? የእኛም ታሪክ በአርማ የተሞላ ነው። ምኒልክ ለሐዲዱ ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ተጀመረ፣ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐዲድ ነው። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በ1908 በፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ ተተካ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ናፍጣ ሎኮሞቲቮች ገቡ፣ እንፋሎት እየወጣ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ ድርጅቱ የጅቡቲና የኢትዮጵያ የጋራ ሆነ፣ ስሙም ተቀየረ። ከዚህ መሐል አገሪቱ ንጉሥ ነበራት፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ። በአንድ ላሜራ ላይ የተደራረበው ቀለም ይህን ሁሉ አይቷል። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አንዱ በሌላው ላይ ተቀምጧል። ባለሙያ በጥንቃቄ ሲፍቀው ከላይ ወደ ታች ዘመን በዘመን ይነበባል።

አርማ ሲነካ ሕዝብ ምን ያህል እንደሚያመው ለማወቅ ከለገሃር ፊት ለፊት ያለውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ማስታወስ ይበቃል። ፈረንሳዊው ዦርዥ ጋርዴ ሠራው፣ በ1930 እ.ኤ.አ. ቆመ። ፋሽስቶች ነቅለው ሮም ወሰዱት። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። የባቡር ጣቢያውን ያየ ሁሉ ያን አንበሳ ያያል፤ የባቡሩ ታሪክ አካል ሆኗል።

ከባዱ ጥያቄ የጠላት አርማ ነው። በፋሽስት ዘመን ጣሊያኖች የባቡሮቻቸውን ግንባር በፋሽስቱ አርማ ያስጌጡ ነበር። የዚያ ዘመን ባቡር ሲታደስ አርማው ይመለስ? የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ልጆች ተሳፍረው በሚዝናኑበት ባቡር ላይ ያ ምልክት እንዲለጠፍ አልፈልግም። ግን ተፍቆ እንዲጠፋም አልፈልግም። ከተገኘ ተነቅሎ፣ ማን እንደለጠፈውና ያ ዘመን ምን እንዳደረገብን ተጽፎበት ሙዚየም ይቀመጥ። የንጉሡ ዘመን ዘውድና የደርግ ዘመን ምልክት ግን ሌላ ነው። ወደድነውም ጠላነውም የራሳችን ታሪክ ነው፤ አዲስ መንግሥት በመጣ ቁጥር የመፋቅ ልማዳችን ሊበቃ ይገባል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ስፕሬዩ ይቀመጥ። ሎኮሞቲቩ ከነዝገቱ ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ ይነሳ። ቀጥሎ ቀለሙ ከፀሐይ የተሸሸገበት ቦታ ይፈለግ። ከቁጥር ሰሌዳው ሥር፣ ከበር ማጠፊያው ጀርባ፣ ከመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ። የድሬዳዋን ፀሐይ ያየ ቀይ ቀለም ሮዝ ይመስላል። ያን አይቶ «ሮዝ ነበር» ብሎ መቅባት ቀላል ስህተት ነው። ከዚያ የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ ተመርጣ ንብርብሩ አንድ በአንድ ይገለጥ። የድሮ ቀለም፣ በተለይ ቀይ የፀረ ዝገት ቀለምና ደማቅ ቢጫ፣ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈተግ፤ አቧራው ሳንባ ይገባል። እየተረጠበ፣ ማስክ ተደርጎ ይሠራ። የተገለጠችው ቦታም በአዲሱ ቀለም አትሸፈን። ቫርኒሽ ተቀብታ ትቅር፤ ነገ የሚጠራጠር ሰው ሄዶ ይያት።

ከሁሉ የሚያስቸኩለው የሰው ትዝታ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ እነዚያን ባቡሮች የነዱ፣ የጠገኑ፣ ብሩሽ ይዘው ቁጥራቸውን የጻፉ አባቶች አሉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል። አንድ ሰው ካሜራና ደብተር ይዞ ቡና እያጠጣ ይጠይቃቸው። የትኛው ቀለም መቼ መጣ? ማን አዘዘ? ፊደሉን በእጅ ነበር የምትጽፉት ወይስ የፊደሉ ቅርጽ በተቆረጠበት ላሜራ ላይ እየቀባችሁ? ይህን የሚያውቅ ፋይል ካለ ጥሩ፤ እነሱ ግን ያለ ፋይል ያውቁታል።

እኛ ጅማ ያለነውም ከባቡር በፊት የምንጀምረው ሥራ አለን። አጥር ጥግ የቆሙ የድሮ ኤንትሬዎች ዛሬም አይጠፉም። የአንዳንዶቹ በር ላይ የባለቤቱ ስም በእጅ ጽሑፍ ይነበባል። ዩኒቨርሲቲያችን የኬሚስትሪም የምህንድስናም ተማሪዎች አሉት። ከከተማው ባትላሜራዎችና ቀለም ቀቢዎች ጋር ተቀምጠው አንድ ኤንትሬ ላይ ይሞክሩት። ቀለሙን ይግለጡ፣ ይመዝግቡ፣ እንደነበረው ይመልሱት። ከዚያ የተማሩትን ይዘው ድሬዳዋ ይሂዱ። ወዳጄም አብሯቸው ቢሄድ ደስ ይለኛል፤ ከላሜራ ላይ ቀለም ሳይጎዳ የሚያነሳ እንደሱ ያለ እጅ ያስፈልጋል።