መጽሐፎቼ ካርቶን ውስጥ ናቸው
ቤት ሠሪዎቹ "በሚቀጥለው ወር አዲሱ ቤታችሁ ትገባላችሁ" ካሉን ስንት ወራችን! እኔም የዋህ፣ መጽሐፎቼን በሙሉ ካርቶን ውስጥ ከትቼ በፕላስተር አሽጌ ቁጭ። ግማሽ ያደረስኩት ልብ ወለድ የትኛው ውስጥ እንዳለ እኔ እንጃ። ማታ ማታ የማነበው ምን መሰላችሁ? የቤቱን ውል። አሁንማ በቃሌ ወጥቼዋለሁ ማለት ይቻላል። ኮንክሪት ጥንካሬውን እስኪይዝ 28 ቀን ይጠበቃል ሲሉኝ እሺ አልኩ፣ ያ ይገባኛል፤ ግን የበር እጀታ ለመግጠምና አንዲት ቧንቧ ለማጥበቅ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን የሚሉት ነው? ስደውል "ትንሽ ነው የቀረው" ይሉኛል። ያቺ ትንሽ እኮ አታልቅም! ትናንት አላስችል ብሎኝ አንዱን ካርቶን ቀደድኩት። ጫማ ነው።